አፍሪካን ኪንግደምስ፦ የኛው ግንብ ጌም ውስጥ ቆሞ አይታችኋል? (የጎንደር ጌመሮች ግቡ)

ፒያሳ_ሾተል · ማክሰኞ፣ ማታ 2:15

እንደምን አመሻችሁ የጎንደር ልጆች።

ጌሙ አዲስ አይደለም፣ አትሳቁብኝ። አፍሪካን ኪንግደምስ የወጣው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 ነው። እኔ ጋ የደረሰው ግን ዘንድሮ ነው። አንድ ደንበኛ ላፕቶፑን "ፎርማት አድርግልኝ፣ ጌሞቹን ግን እንዳትነካ" ብሎ ሰጠኝ። እንዳልነካ እየተጠነቀቅሁ ሦስት ሌሊት አነጋሁ።

ላላያችሁት፦ በኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 (ሀብት ሰብስበህ፣ ከተማ ሠርተህ የምትዋጋበት የኮምፒውተር ጌም) ላይ አራት ሕዝብ የጨመረ ማሟያ (ኤክስፓንሽን) ነው። ኢትዮጵያ፣ ማሊ፣ በርበርና ፖርቹጋል። አራቱም የየራሳቸው ዘመቻ አላቸው። የኛው የዮዲት ነው። እሱን በኋላ እንጣላበታለን።

እኔን መጀመሪያ የያዘኝ ድምፁ ነው። ልጅ ሆነን ኢንተርኔት ቤት በሰዓት እየከፈልን ኮንከረርስን (የዚሁ ጌም የድሮ ማሟያ) ስንጫወት ጃፓኑም ቫይኪንጉም በየቋንቋው ነበር የሚመልሰው። የሚሉት ሳይገባን አብረን እንጮህ ነበር። አሁን ገበሬዋን ነካ ሳደርጋት በአማርኛ መለሰችልኝ። ስፒከሩ ከፍ ብሎ ነበር። አያቴ ከጓዳ "ማነው? ግባ፣ በሩ ክፍት ነው!" አሉ።

ሁለተኛው ወንደሩ ነው፤ እያንዳንዱ ሕዝብ በጌሙ ውስጥ የሚሠራው ትልቁ የራሱ ሕንፃ። በነጋታው ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ደንበኛ ሲጠፋ ኢምፔሪያል (የጌሙ የመጨረሻ ዘመን) ገባሁ። 1000 እንጨት፣ 1000 ድንጋይ፣ 1000 ወርቅ አጠራቀምኩና ጀመርኩት። የአክሱም ሐውልት ይሆናል ብዬ ነበር የገመትኩት፤ ካልሆነም ላሊበላ። ገበሬዎቹ መዶሻቸውን እየደበደቡ ቀስ በቀስ ከፍ አለ። ማማው ወጣ። ጉልላቱ ወጣ። ፋሲል ግንብ! ከሱቄ በር ላይ አንገቴን ሰገግ ባደርግ የማየው ግንብ፣ አውራ ጣቴን አክሎ ስክሪኔ ላይ ቆመ። የማሳየው ሰው ፈለግሁ፤ ማንም የለም። ደጅ የተቀመጠውን ሊስትሮ ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ አየና "ታዲያ መግቢያ አላስከፈሉህም?" ብሎኝ ወጣ።

ቅሬታዬም እዚሁ ነው። ዘመቻው የዮዲት፣ አሥረኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ። ግንቡ የፋሲለደስ፣ 17ኛው። መሃላቸው ሰባት መቶ ዓመት አለ። በዚያ ላይ የቀሩት ሕንፃዎቻችን መልካቸው ከማሊ ጋር አንድ ነው። የሳህል የጭቃ ከተማ መሃል ፋሲል ግንብ ጉብ ይላል። በድንጋይ የተሠራ አገር ላይ!

እናንተ ምን ትላላችሁ? ሾተለኛውስ (የኢትዮጵያ ልዩ ወታደር) ይረባል? እኔ ስሙን ለራሴ ካወጣሁ በኋላ ነው አሟሟቱን ያየሁት።


ቀስተኛው_ከአዘዞ · ማክሰኞ፣ ማታ 3:02

ስምህን ቀይር ወንድሜ።

ሾተለኛ ነፍሱ 40 ነው። ጥሩር የለውም። ጥቃቱ 16 መሆኑ እውነት ነው፤ እጁ የደረሰበትን ይቆርጣል። ነገሩ እስኪደርስ ነው። ቀስተኛ መንገድ ላይ ካገኘው አለቀለት። ሰው ስሙን አይቶ ካስል (ምሽግ) ይሠራል፣ ሾተለኛ ያወጣል፣ ከዚያ "ኢትዮጵያ ደካማ ናት" ብሎ ይለጥፋል። ደካማው አንተ ነህ።

የኢትዮጵያ ጉልበት ቀስት ነው። አሁን ባለው ዴፊኒቲቭ ኤዲሽን (የጌሙ አዲስ እትም) ቀስተኞቻችን 18 በመቶ ፈጥነው ይተኩሳሉ። ዘመን በተሻገርክ ቁጥር ደግሞ 100 ምግብና 100 ወርቅ በነፃ ይገባልሃል። ሰው ይህን ይንቃል። እስቲ ቁጭ ብለህ አስላው። ፊውዳል (ሁለተኛው ዘመን) እንደገባህ ፍሌቺንግ (ቀስት የሚያስረዝመው ጥናት) የሚያስከፍልህ 100 ምግብና 50 ወርቅ ነው። አንድም ሰው ወርቅ ላይ ሳታሰማራ ትገዛዋለህ። ባላጋራህ ገና ወርቁ ጋ ካምፕ ሲተክል ያንተ ቀስት ረዝሞ በሩ ላይ ነው። ካስል ዘመን (ሦስተኛው) ስትገባ ክሮስቦው (የቀስተኛ ማሻሻያ) 125 ምግብና 75 ወርቅ ነው። ወርቁን ስጦታው ሸፈነልህ፣ ምግቡ ላይ 25 ብቻ ከኪስህ። ያቺ አንድ ደቂቃ ናት ጨዋታውን የምትወስነው።

ፓይክማን (የጦረኛ) ማሻሻያውም ነፃ ነው። ባለ ፈረስ ሲመጣብህ ጦር ይዘህ ትጠብቀዋለህ።

የሚያመኝ ፈረሱ ነው። ብለድላይንስ (የፈረሰኛን ነፍስ የሚጨምረው ጥናት) የለንም፣ ፓላዲን (የመጨረሻው ፈረሰኛ) የለንም። ጎንደር ቁጭ ብዬ ፈረሳችን ከሲታ ነው ስል ይከብደኛል።


ማራኪ_ዶርም · ማክሰኞ፣ ማታ 3:10

ቀስተኛው ልክ ነው ግን ሲጁን (የከበባ መሣሪያውን) ረሳኸው። ቶርሽን ኢንጂንስ!!


ቀስተኛው_ከአዘዞ · ማክሰኞ፣ ማታ 3:31

አልረሳሁትም፣ እጄ ደክሞት ነው። እሺ ልጨምር።

የሲጅ ወርክሾፓችን ሙሉ ነው። ምንም አልጎደለበትም። ቶርሽን ኢንጂንስን ካስጠናህ የኦናጀሩ (የድንጋይ ወርዋሪው መሣሪያ) ድንጋይ ሲያርፍ የሚጎዳው ክልል ይሰፋል። ጠላትህ ሠራዊቱን በትኜ አመልጣለሁ ሲል ዳር ያለውንም ጠራርጎ ይወስድበታል። ብላክ ፎረስት በሚባለው ካርታ ላይ፣ ጫካ በዘጋው ጠባብ መንገድ፣ ሁለት ሦስት ሲጅ ኦናጀር ከፊት፣ ከኋላ ነፃ ጦረኞች። በቃ። ይሄ ክፍት ሜዳ ላይ አይሠራም፤ እዚያ ኦናጀርህን በፈረስ መጥተው ይበሉታል።

ሳስበው ሾተለኛን ትንሽ በደልኩት። መጀመሪያ ሲወጣ ሮያል ኤርስ የሚባለው ጥናት የሾተለኛን መሰልጠኛ ጊዜ ከ8 ሰከንድ ወደ 4 ያወርደው ነበር። በ4 ሰከንድ አንድ ሰው! ከሁለት ካስል ሲወጡ ከጥምቀት የሚመለስ ሕዝብ ነው የሚመስሉት። በኋላ ቀየሩት። አሁን ሾተለኛና ግመለኛ ከፈረሰኛ የሚደርስባቸውን ምት የሚቀንስ ነገር ሆነ። እኔ የድሮውን ነበር የምወደው። ይሞቱ ነበር፣ ግን ሲሞቱም በብዛት ነበር።


ባህርዳር_ጀልባ · ማክሰኞ፣ ማታ 4:05

ሰላም ለተራራው ሕዝብ።

ከአራቱ ምርጡ ፖርቹጋል ነው፣ ክርክር የለውም። ሠራዊቱ ወርቅ ይቀንስለታል። ኦርጋን ገን (ባለ ብዙ አፈሙዝ መድፍ) አለው። ካራቬል (የጦር መርከብ) አለው፤ ውሃ ላይ ማን ያህለዋል? እናንተ ውሃ የምታዩት በጥምቀት ነው። መጨረሻ ላይ ወርቅ ሲያልቅ ደግሞ ፌይቶሪያ ሠርቶ ቁጭ። የ20 ሰው ቦታ ይበላል እንጂ ያለ ገበሬ ሀብት ያፈራል።

ለነገሩ ግንባችሁንም የሠሩላችሁ እነሱ አይደሉ እንዴ? ሃሃሃ


ፒያሳ_ሾተል · ማክሰኞ፣ ማታ 4:09

መጣ የሐይቁ ልጅ። መምህር የት አሉ? ይህን ዝም ይሉታል?


ጡረተኛው_መምህር · ረቡዕ፣ ጠዋት 1:20

እንደምን አደራችሁ ልጆች። ይህን ገጽ የልጅ ልጄ ነው የከፈተልኝ። ጨዋታውን አልችልበትም። አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ፤ አንዳንዴም ምክር እሰጣለሁ፣ አይሰማኝም።

የባሕር ዳሩ ልጅ፣ ቀልድህ ገብቶኛል። ግን ይህ ነገር ቀልድ ሆኖ ብዙ ሰው አሳስቷል። ፋሲለደስ የነገሠው በ1624 ዓ.ም ነው። ከነገሠ ብዙም ሳይቆይ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጣ። ጎንደርን መናገሻ ያደረገው በ1628 ዓ.ም። እንግዲህ ያባረራቸው ሰዎች ተመልሰው ቤት ሠሩለት ልትለኝ ነው? በኖራ መገንባት በአባቱ በሱስንዮስ ጊዜ ከእነሱ ጋር መጥቷል፤ ጎርጎራ ያለውን ፍራሽ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ይህን አልክድም። ሙያው አገር ውስጥ ቀርቷል፣ ሰዎቹ ሄደዋል። ድንጋዩን የፈለጠውና ኖራውን የተሸከመው ማን እንደሆነ ግን እጅህን አይተህ ንገረኝ።

በሌላ በኩል ኢትዮጵያና ፖርቹጋል በአንድ ማሟያ መውጣታቸው አልከፋኝም። እንዲያውም ጥሩ አጋጣሚ ነው። በ1533 ዓ.ም ምጽዋ የወረዱት 400 ነፍጠኞች በክርስቶፎ ዳ ጋማ ይመሩ ነበር፤ የዝነኛው የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ነው። በዓመቱ ተማርኮ ተገደለ። የተረፉት ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው በ1535 ዓ.ም ወይና ደጋ ላይ ተዋጉ፤ ኢማም አህመድም የወደቀው እዚያ ነው። የሚገርመኝ አዘጋጆቹ ይህን ዘመቻ ትተው ዮዲትን መምረጣቸው ነው። ሁለቱም ሕዝብ በእጃቸው ነበር እኮ። ለልጅ ልጄ ይህን ስነግረው "አያ፣ እርስዎ ይጻፉትና ላኩላቸው" አለኝ።


ባህርዳር_ጀልባ · ረቡዕ፣ ጠዋት 2:44

ይቅርታ መምህር፣ ለመነካካት ነው። እጄን አይቻለሁ፣ ኖራ የለበትም።


እቴጌ_ሎቢ · ረቡዕ፣ ቀን 7:30

ስለ ዮዲት ማንም ሳይጫወት ነው የሚያወራው። እኔ አምስቱንም ምዕራፍ ጨርሻለሁ፣ ልናገር።

በመጀመሪያ፣ ከአራቱ ዘመቻዎች ታሪክ ያለው እሱ ነው። ታሪቅ ኢብን ዚያድ ጥሩ ነው፣ ግን ጦርነት በጦርነት። ሱንጃታም ደስ ይላል። ፍራንሲስኮ ደ አልሜይዳ ላይ መርከብ ስነዳ እንቅልፍ ወሰደኝ። የዮዲት ግን ከስደት ነው የሚጀምረው። በስርቆት ተወንጅላ፣ ጥቂት ሰው ይዛ፣ ቤት የለ ገበሬ የለ፣ እየሸሸች። የምታዝዢው ሕዝብ ሳይኖርሽ ንግሥት መሆን ምን እንደሚመስል ጌሙ ያሳይሻል። ከዚያ የሶርያውን ልዑል ታገባለች፣ ትመለሳለች። ይሄ እኛም ቤት የሚነገረው ነው፤ አልፈጠሩትም።

ቤቴ የሆነውን ልንገራችሁ። ሳሎን እየተጫወትኩ እናቴ ቡና ታፈላለች። "ይቺ ባለ ፈረስ ማናት?" አለችኝ። "ዮዲት" አልኳት። ጀበናዋን እንደያዘች ቀጥ አለች። "ጉዲት? አክሱምን ያቃጠለችው? እኔ ቤት?" ልታስጠፋኝ ነው ብዬ ሴቭ አደረግሁ። እሷ ግን ሲኒውን ሰጥታኝ ተቀመጠች። አቦሉ አለቀ፣ አልተነሳችም። ቶና ላይ "ታዲያ በግፍ ነው እንዴ ያባረሯት?" አለች። በረካ ላይ "ያ ባሏ ሰው ይዞ መጣላት?" ወደ አክሱም ስዘምት ግን "ይሄንን አላይም" ብላ ረከቦቱን ይዛ ወጣች። ከጓዳ ሆና "ጨረስሽ?" እያለች ሦስቴ ጠየቀችኝ።

እና ፒያሳ፣ ዮዲትና ፋሲል ግንብ ሰባት መቶ ዓመት ይራራቃሉ ላልከው፣ ልክ ነህ። ግን ጌሙ ሁሉንም ነው እንዲህ የሚያደርገው። አዝቴክ ከጃፓን ጋር ይዋጋል፣ ማንም አያለቅስም። እኔን የከፋኝ የሕንፃው መልክ ነው። እሱ ላይ ካንተ ጋር ነኝ።

በነገራችን ላይ ምርጧ ወታደር የማሊዋ ግቤቶ ናት። ሴት፣ ቢላ ትወረውራለች፣ ትፈጥናለች። ሾተለኛችሁን ሳይነካት ትጨርሰዋለች።


ፒያሳ_ሾተል · ረቡዕ፣ ቀን 7:52

"ጨረስሽ?" ገደለኝ። እናትሽን ሰላም በይልኝ።


ዳዊት_ደጋሚ · ረቡዕ፣ ቀን 8:40

እኔ ግን አልተመቸኝም፣ በግልጽ ልናገር። አብያተ ክርስቲያናት ያቃጠለችን ሴት ጀግና አድርጎ ማቅረብ ምንድነው? ከሌላ አገር ሁሉ ጀግናውን ወሰዱ፣ ከኛ አቃጣይዋን። ላሊበላ የለ? ካሌብ የለ? ዓምደ ጽዮን የለ? ባሕር ተሻግሮ የመን የዘመተ ንጉሥ እያለ!


ጡረተኛው_መምህር · ረቡዕ፣ ቀን 9:30

ልጄ፣ ቁጣህ ይገባኛል። ዓምደ ጽዮን ላይ አልከራከርህም፤ እሱ ለጦርነት ጨዋታ የተፈጠረ ንጉሥ ነው።

ስለ እሷ ግን ሁለት ነገር ለይተህ ያዝ። አንዱ ትውፊቱ ነው፦ ስሟ፣ ክሱ፣ ስደቱ፣ ጋብቻው። ይህ ከኛው የመጣ ነው። ሌላው በዘመኑ በውጭ የተጻፈው ነው። ኢብን ሐውቀል የሚባለው የዐረብ ጂኦግራፊ ጸሐፊ በአሥረኛው ክፍለ ዘመን የሐበሻን አገር ሴት እንደምትገዛው ጽፏል። የእስክንድርያ ጳጳሳት ታሪክ ውስጥ ደግሞ የኛ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ የላከው ደብዳቤ ተጠቅሷል። አንዲት ንግሥት አገሩን እንዳጠፋችበት ያለቅሳል። ስሟን አይጠራም። ስለዚህ ሴትየዋ ነበረች ለማለት መሠረት አለን። በግፍ ተባረረች የሚለው ግን ከተረቱ ወገን ነው። ጨዋታ ሠሪዎቹ ተረቱን መረጡ፤ ተረት ለጨዋታ ይመቻል።

የእቴጌ እናት ቶና ላይ የጠየቁትን ጥያቄ እኔ አርባ ዓመት ሳስተምር ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም።


እቴጌ_ሎቢ · ረቡዕ፣ ማታ 12:50

መምህር፣ ለእናቴ አነበብኩላት። ዛሬ እራት ላይ ንግሥት ሆናለች፣ ወጥ ማቅረብ ቀርቷል።


ማራኪ_ዶርም · ረቡዕ፣ ማታ 4:30

እናንተ ስለ ታሪክ ትከራከራላችሁ፣ እኔ ራንክድ (በነጥብ ደረጃ የሚወጣበት የኦንላይን ውድድር) መግባት አቅቶኛል። ዴፊኒቲቭ ኤዲሽኑ ራንክድ ከማስገባቱ በፊት ኮምፒውተርህን ይፈትናል። 1000 ነጥብ ማምጣት አለብህ። የኔዋ 870 አመጣች። ግራፊክሱን አወረድኩት፣ 910። ከስሯ ሁለት መጽሐፍ አስገብቼ፣ ማራገቢያ አዙሬባት፣ 955። የዶርም ልጆች ሁሉ ከበው እንደ ፔናልቲ ነው የሚያዩት። በስድስተኛው ሙከራ 990 ላይ ስትደርስ መብራት ሄደ። ባትሪዋ ደግሞ የሞተው አምና ነው።

አሁን የድሮውን ኤችዲ እትም ነው የምጫወተው። እሱ ላይ ቀስቱ የሚፈጥነው 15 በመቶ ነው፤ የድሃ ቀስት።


ቀስተኛው_ከአዘዞ · ረቡዕ፣ ማታ 4:41

ሌሎች ፕሮግራሞችን ዝጋ። በተለይ ብራውዘሩን። ራሙን እሱ ነው የሚበላብህ። ስክሪን ሪዞሉሽኑንም ከዊንዶውስ ሳይሆን ከጌሙ ውስጥ አውርደው።


ማራኪ_ዶርም · ሐሙስ፣ ጠዋት 3:05

1012!!! ቀስተኛው ተባረክ። ብራውዘሩ ነው። አርባ ታብ ነበር የተከፈተው፣ ሰላሳው የሪሰርች።

የመጀመሪያ ራንክድ ጨዋታዬን በ14 ደቂቃ ተሸነፍኩ።


ዘበኛው_ደፈጫ · ሐሙስ፣ ቀን 6:15

ሁላችሁም የድሮውን ነው የምታወሩት። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 3 ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን አፍሪካን ሮያልስን ማንም አልነካም። ኢትዮጵያና ሃውሳ ነው የጨመረው። የኛን ሰው ጠጋ ብለው ያጠኑት እዚያ ነው። ነፍጠኛ የሚባል ወታደር አለ። ጋሻኛ አለ። ካህኑ "አቡን" ነው የሚባለው። ሴባስቶፖልም አለ፣ እንደ መድፍ ተሠርቶ ይወጣል! ጋፋት ላይ ስንት አሳር ተበልቶበት፣ ሰባት ቶን ገደማ ሆኖ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ የወጣውን፣ እዚህ በአንድ ክሊክ።

ከብት ደግሞ አለ። ከብት ታረባለህ፣ ስታደልብ የከብት ገበያ ነድተህ ትሸጣለህ። እኔ ጨዋታውን ትቼ ቅዳሜ ገበያ የዋልኩ እስኪመስለኝ ከብት ስሸጥ ተወረርኩ።


ባህርዳር_ጀልባ · ሐሙስ፣ ቀን 6:40

ደላላው ማን ነበር?


ፒያሳ_ሾተል · ሐሙስ፣ ማታ 1:30

ዘበኛው፣ ሦስተኛውን ሞክሬዋለሁ። ጥናቱ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ካርድ፣ ተጽዕኖ የሚባል ሀብት፣ ምን ምን... ጭንቅላቴን አዞረኝ። እኔ አራት ነገር ነው የማውቀው፤ ምግብ፣ እንጨት፣ ወርቅ፣ ድንጋይ። የለመድኩት ይሻለኛል።

ይልቅ ስሙኝ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሱቄን ለጌም እከፍታለሁ። ስድስት ማሽን፣ አንድ ስዊች፣ ገመድ ከኔ። ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ በላን ነው። ማውስ ግን ይዛችሁ ኑ። የኔ ማውሶች ግራ ጣታቸው አልቋል፤ አንዴ ስትጫናቸው ሁለቴ ነው የሚያዙት። ሁሉም ሰው ኢትዮጵያን ነው የሚይዘው፣ ከባህርዳር_ጀልባ በቀር። እሱ ፖርቹጋሉን ይያዝ፣ እናባርረዋለን።


ባህርዳር_ጀልባ · ሐሙስ፣ ማታ 1:48

ሦስት ሰዓት መንገድ መጥቼ ልሸነፍ? እመጣለሁ።


ጡረተኛው_መምህር · ዓርብ፣ ጠዋት 2:10

የልጅ ልጄን አመጣዋለሁ። እኔ ጥግ ተቀምጬ አያለሁ። አልናገርም።


ማራኪ_ዶርም · እሁድ፣ ማታ 2:20

የቀራችሁ ቀረባችሁ። እኔ ልጻፈው፣ ፒያሳ ስሜቱ ተጎድቷል።

ስድስት ሰው፣ ብላክ ፎረስት፣ ሦስት በሦስት። በአንድ ወገን ፒያሳ፣ እቴጌና የመምህር የልጅ ልጅ። በሌላው ቀስተኛው፣ እኔና ጀልባው። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ማንም ማንንም አልነካም፤ ሁሉም እንጨት ይቆርጣል። መምህር አልናገርም ያሉት አሥር ደቂቃ ቆየ። "ያንን በር ዝጋው፣ ዝጋው እንጂ!" እያሉ የልጅ ልጃቸውን አላስተነፍስ አሉት። እውነትም በሩ ክፍት ነበር። እኔ ነኝ በእሱ የገባሁት።

ከዚያ ፒያሳ ማንም ሳያየው ጥግ ላይ ወንደሩን ጨረሰው። ወንደሩ ሳይፈርስ ከቆየ የሚያሸንፍበት የ200 ዓመት ቆጠራ ጀመረ። ቀስተኛው ነጭ ላብ አላበው። ኦናጀሮቹን ይዞ በጫካው መንገድ ገሰገሰ። ጀልባው ኦርጋን ገን ላከ። እቴጌ በነፃ ጦረኞቿ መንገዱን ዘጋችው፤ ሾተለኛም አውጥታ ነበር፣ ሲጁን እነሱ ናቸው የቆራረጡት። ቀስተኛው በሾተለኛ ተበላ! ማክሰኞ የጻፈውን ሰው ጮክ ብሎ አነበበለት።

100 ዓመት ቀረ። 60። 30። ሊስትሮው ሳይቀር ሥራውን ጥሎ ገብቶ ቆሟል። መምህር "እውነተኛው እኮ ደርቡሽም መጥቶበት፣ በጣሊያን ጊዜ የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦንብ ጥሎበት አለ። ሁለት መቶ ዓመት ምን አላት!" ይላሉ። ግንቡ ላይ የደረሰው የኔ አንድ ኦናጀር ብቻ ነበር። አንዴ ወረወርኩ። 11 ዓመት ሲቀር ግጥም አለ። መብራት።


ፒያሳ_ሾተል · እሁድ፣ ማታ 2:34

ግንቡ ቆሞ ነው የጠፋው። ይህ ይመዝገብልኝ።


ባህርዳር_ጀልባ · እሁድ፣ ማታ 2:36

ቆጠራው አላለቀም። አላሸነፍክም።


ቀስተኛው_ከአዘዞ · እሁድ፣ ማታ 2:41

አቻ ነው። በሾተለኛ መሸነፌን ግን ማንም አዘዞ ደርሶ እንዳያወራ። ለሚቀጥለው እሁድ ዩፒኤስ ያለው ሰው አለ? ለስዊቹና ለአንድ ሁለት ማሽን የሚሆን ይበቃል።


እቴጌ_ሎቢ · እሁድ፣ ማታ 3:15

አጎቴ ቢሮ አሮጌ አንድ አለ፣ ባትሪው 20 ደቂቃ ይይዛል። እናቴም እመጣለሁ ብላለች። ጀበናውን ይዛ።